ለእንጀራ ወይስ ለነፍስ? ከቢቸና የወጡት ሠዓሊ ለዛሬ ወጣት የሚነግሩት ነገር

ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ ሥዕል ሲሥል የሚያሳይ ቪዲዮ ክፈቱና ኮመንቱን እዩ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ዋጋው ስንት ነው?» ይላል። ሌላው «ወንድሜ፣ ጥበብህን በብር አትለውጣት» ብሎ ይመክራል። መካሪው ግን፣ ብንጠረጥር አይፈረድብንም፣ በሕይወቱ አንድም ሥዕል ገዝቶ አያውቅም።

መሐል ላይ ያለው ልጅ ታዲያ ምን ያድርግ? ቀለም በነጻ አይገኝም። አከራዩ «አርቲስት ነኝ» ብትለው ኪራዩን አይቀንስልህም። በሌላ በኩል ደግሞ የታዘዘውን ብቻ እየሠራ ሦስት አራት ዓመት ከቆየ፣ አንድ ቀን «እስቲ የራሴን ልሥል» ብሎ ሲቀመጥ እጁ እምቢ ይለዋል።

ቤተሰብ፣ ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ሩቅ አገር አንሄድም። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ እንያዝ። ከዚያ ምድር የወጡ አንድ ሰው ጥያቄውን ከእኛ በፊት ኖረውታል።

*ቄስ አዳሙ ማን ናቸው?*

ቄስ አዳሙ ተስፋው የቢቸና ልጅ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ክህነት ተቀበሉ። በኋላ አዲስ አበባ ገቡና ረጅሙን ዕድሜያቸውን በሥዕል ኖሩ። ለቤተ ክርስቲያን ሥለዋል። ለቱሪስት ዕቃ መሸጫ ሱቆችም ሥለዋል። ቅዱሳንን ሥለዋል፣ የአገር ታሪክን ሥለዋል፣ የገበሬውንና የገበያውን የዕለት ኑሮም ሥለዋል።

በፈረንጆቹ 2005 ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም በእሳቸው ሥራ ላይ ያተኮረ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀ። የጥበብ ታሪክ ተመራማሪው ሬይመንድ ሲልቨርማን ደግሞ ስለ ሕይወታቸውና ሥራቸው አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ከቀንድ ዋንጫና ከትንሽ መሶብ ጎን ሥዕሉ የሚሰቀል ሰው፣ ያው እጁ በሌላ አገር ሙዚየም ገባ። እዚህ «የሀበሻ ሥዕል» ተብሎ በጅምላ የሚጠራው ሥራ፣ እዚያ ስም ወጣለት። እጁ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚያየው ሰው ነው።

ስለዚህ «የሚሸጥ ሥራ ጥበብ አይደለም» የሚለው ፍርድ ገና ከመጀመሪያው ይወድቃል። ጥያቄው መሸጥ አለመሸጡ አይደለም። ጥያቄው ሲሸጥ ምን ይዞ ይቀራል? ነው። ይህን ለማየት የጎጃም ሠዓሊ በየዘመኑ ያገኛቸውን ሦስት ገዢዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

*አንደኛው ገዢ፦ ቤተ ክርስቲያን*

ብዙ ሰው የድሮ ሥዕል ከገንዘብ ንጹሕ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አብዛኛው ትእዛዝ ነው። አንድ ባለጸጋ ወይም አንዲት ወይዘሮ ስለት ይሳላሉ፣ ለሠዓሊው ይከፍላሉ፣ ሥዕሉም በሸራ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሥዕሉ ግርጌ የተደፋ ወይም እጁን የዘረጋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ቅዱስ አይደለም፤ ከፋዩ ነው። ስሙም አጠገቡ ተጽፎለታል።

የሠዓሊውስ ስም? አብዛኛውን ጊዜ የለም። ያሠራው ይታወቃል፣ የሠራው አይታወቅም። ለዚህ ነው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ፣ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ ሥዕል ላይ ስሙ መገኘቱ እስከ ዛሬ እንደ ትልቅ ነገር የሚነሣው።

ደንቡም ጥብቅ ነው። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ። ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ላይ ነው። እመቤታችን ልጇን እንዴት እንደያዘች የታወቀ ነው። ይሄኛው አያያዝ ራሱ ግን መነሻው ሮም ነው፤ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው ሥዕል ቅጂ ከኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ጋር መጣ፣ የእኛ ሠዓሊዎች ወሰዱት፣ ልብሱንና ዓይኑን የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ከእኛ የበለጠ የእኛ ሆኗል።

ቤተ ክርስቲያን እንግዲህ ሙያ ሰጠች፣ ርእስ ሰጠች፣ ክብር ሰጠች። በምትኩ ስም ወሰደች።

*ሁለተኛው ገዢ፦ ቱሪስቱ*

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዲስ አበባ ላይ አዲስ ገዢ መጣ፤ የውጭ ዲፕሎማት፣ ነጋዴ፣ መንገደኛ። እሱ መቅደስ የለውም፤ ሳሎን ነው ያለው። የሚፈልገውም ታሪክ የሚናገር፣ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ሸራ ነው።

በዚህ ገበያ የንግሥት ሳባ ታሪክ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ተከፍሎ እንደ ኮሚክ መጽሐፍ ተሣለ። የዓድዋ ጦርነት፣ አደን፣ የግብር ድግስ፣ ቡና ማፍላት ተሣለ። አስተውሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የገበሬ እርሻና የገበያ ቀን ዋና ርእስ አይሆንም ነበር። ለሠዓሊው የዕለት ኑሮን እንዲሥል በር የከፈተው ገበያው ነው። «ገበያ ፈጠራን ይገድላል» ለሚል ሰው ይሄ የማይመች እውነት ነው። የቄስ አዳሙም የርእስ ስፋት ያለዚህ በር አይታሰብም።

ዋጋው ግን አለ። የወደደው ቱሪስት «ያንኑ ድገመው» ይላል። ባለ ሱቁም «ያቺ ሳባ ትሸጣለች፣ አሥር አምጣ» ይላል። አሥር ሠዓሊ ያንኑ ሲሥል ዋጋው ይወድቃል፣ ዋጋው ሲወድቅ ይፈጥናሉ፣ ሲፈጥኑ መስመሩ ይደርቃል። ኬንያ ውስጥ የካምባ እንጨት ጠራቢዎች ላይ የሆነውም ይሄው ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ተመሳሳይ ቀጭኔና ዝሆን ለቱሪስት ሲያወጡ ኖሩ፤ ገዢው የትኛው የማን እጅ እንደሆነ አይለይም።

ሌላም ዋጋ አለ፤ ቦታ። የቱሪስቱ የታወቀ መስመር ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም ነው። ቢቸናና ሞጣ በዚያ መስመር ላይ የሉም። ስለዚህ ሠዓሊው ገበያውን ፍለጋ አገሩን መልቀቅ ነበረበት። ቄስ አዳሙም ለቀቁ።

*ሦስተኛው ገዢ፦ ስልኩ*

አሁን የእኛ ተራ ነው። ዛሬ ሞጣ የተቀመጠ ወጣት ሥራውን ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ይለቃል፣ ገዢው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ሆኖ ያያል፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል። ከአገር ሳይወጡ መሸጥ! ቄስ አዳሙ በወጣትነታቸው ያላገኙት ዕድል ነው።

ግን ስልኩም ገዢ ነው፤ የራሱ አመል አለው። አንደኛ፣ ፍጥነት ይወዳል። ዛሬ የሙሽሮች ፎቶ ማሣል ፋሽን ከሆነ ሁሉም ሙሽራ ይሥላል። ሁለተኛ፣ መቅዳት ቀላል ነው። ከለቀቅከው በኋላ አንዱ ስክሪንሾት አንሥቶ ቲሸርት ላይ ያትመዋል። ሦስተኛ፣ ውድድሩ ከሰው ጋር ብቻ አይደለም። በማሽን የታተመ ሥዕለ አድኖና ከውጭ የሚገባ ባለ ጥለት ጨርቅ በየገበያው ሞልቷል። ሠዓሊውም ሸማኔውም በዋጋ አያሸንፉትም።

አራተኛው ደግሞ እናንተ የምታውቁት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋረጠ። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ አይላክም፤ ኔትወርክ ሲዘጋ ደግሞ ሱቁ ራሱ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ቀለምና ብሩሽ ምን እንደሆነ የገዛ ያውቀዋል። ገቢው በአንድ ስልክ ላይ የተንጠለጠለ ባለሙያ፣ ያ መስመር ሲበጠስ በመጀመሪያ የሚጥለው የቱን ሥራ ነው? የራሱን። «ይሄ አሁን አይሸጥም» ብሎ። ለዚህ ነው ይህ ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አይደለም የምንለው።

*«አትሽጣት» የሚለው ምክር ከየት መጣ?*

እዚህ ላይ አንድ የማይወደድ ነገር እናንሣ። «ጥበብን መሸጥ ነውር ነው» የሚለው ስሜት ሁልጊዜ ከጥበብ ፍቅር አይመጣም። በከፊል ከድሮው የእጅ ሥራ ንቀት የመጣ ነው። በደጋው አገር ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ምን እየተባለ ሲሰደብ እንደኖረ አያቶቻችን ይነግሩናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም ባለሙያን በሙያው የሚሳደብን የሚያወግዝ አዋጅ ማውጣታቸው፣ ንቀቱ የቱን ያህል እንደነበር ያሳያል።

ንቀቱ ዛሬ መልኩን ቀይሮ መጥቷል። የእናታችንን ስፌት «ባህላችን ነው» ብለን ፎቶ እንነሣበታለን፤ ዋጋ ስትጠራ ግን «ለሣር?» እንላለን። አክርማና ስንደዶ ለቅማ፣ ቀለም ነክራ፣ ሳምንታት አጎንብሳ የሰፋችው ሙዳይ እኮ ነው! ባህሉን አድንቆ ባለሙያዋን በዋጋ የሚያዋርድ ሰው «ጥበብ አትሸጥም» ሲል፣ በሌላ ቋንቋ «በነጻ ስጡኝ» ማለቱ ነው።

*መልሱ ቅኔ ቤት ውስጥ አለ*

ታዲያ ሚዛኑ ምንድን ነው? እኛ የምናስበው መልስ እዚያው ጎጃም ውስጥ ያለ ይመስለናል። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ደብረ ወርቅም መንገድ ላይ ናት። ሁለቱም የትምህርት አገር ናቸው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ምን ይማራል? ቤቱ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት። ልኩን መለወጥ አይችልም። በዓሉም ተወስኗል፤ የዕለቱን ቅዱስ ትቶ ስለፈለገው አይቀኝም። ግን ትናንት የተባለውን ዛሬ ቢደግም ይታፈራል። ቅኔው አዲስ መሆን አለበት።

ይሄ ነው ነገሩ። ልኩን ሌላ ሰው ይሰጥሃል፤ ምሥጢሩን ግን አንተ ታመጣለህ። ገዢው «ጊዮርጊስ ሣልልኝ» ይበል፤ መብቱ ነው። ፈረሱ አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር፣ ከበስተጀርባው የምታየው ተራራ የማን አገር ተራራ እንደሆነ ግን የአንተ ነው። ገዢው ምን እንደሚሣል ይምረጥ፤ እንዴት እንደሚሣል ከወሰነ ግን ያኔ ሠዓሊ አልቀጠረም፣ እጅ ተከራየ።

ዘሪሁን የትምጌታን ተመልከቱ። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከአስማት ጥቅልል የወረሰውን ምስል ወስዶ በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ሠራው። በ1992 (እ.ኤ.አ.) ዳካር ቢየናሌ ላይ ሽልማት አገኘ። ምስሉ የድሮ ነው፣ አነጋገሩ የራሱ።

*እሺ፣ ነገ ጠዋት ምን ይደረግ?*

ሐሳብ ብቻ ተናግረን አንሄድም። አራት ነገር።

1. ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት። ለምሳሌ ያህል፦ ሸራና ቀለም 900 ብር፣ ማጓጓዣ 100 ብር ወጣ። አምስት ቀን ሠራችሁ። 2,000 ብር ሸጣችሁ። የቀረው 1,000 ብር ነው፤ በቀን 200 ብር። በከተማችሁ የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ጋር አወዳድሩት። ካነሰ፣ ችግሩ «ጥበቤን ሸጥኩ» አይደለም፤ በኪሳራ ሸጣችሁ ነው። ለራስ ሥራ ጊዜ የሚጠፋውም ከዚህ ነው፤ በርካሽ የሸጠ ሰው ሁልጊዜ መሮጥ አለበት።

2. የእንጀራ ሥራና የራስ ሥራ ይለዩ። ታዛዡ ሥራ ቤት ኪራይ ይክፈል፤ ነውር የለውም። ከሳምንቱ ግን አንድ ቀን ወይም ሁለት ግማሽ ቀን ለማንም የማይሸጥ ሥራ ይኑር። ካለቀም በኋላ ቶሎ አትልቀቁት፤ ግድግዳችሁ ላይ ይቆይ። ነገ ትእዛዝ የሚያመጣላችሁ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ሰው የሚፈልጋችሁ ሌላው የሌለውን ስላላችሁ ነውና።

3. ስማችሁን ጻፉ። ስም፣ ዓመት፣ ቦታ። «ቢቸና» ወይም «ሞጣ» የሚለው ቃል ሸራው ጀርባ ላይ ይኑር። ከመሸጡ በፊት ጥሩ ፎቶ አንሡና ለማን በስንት እንደተሸጠ በደብተር ያዙ፤ ስልክ ይጠፋል። ስፌትም ቢሆን፣ ጥልፍም ቢሆን ትንሽ ምልክት ይኑረው።

4. ሕጉን እወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥዕልን ሥራ ይጠብቃል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲሠራ ነው፤ ለመጠበቅ የግድ መመዝገብ አይጠይቅም። ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ካለፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የሥራው ባለቤት ተብሎ የመጠራት መብትም በዚያው ውስጥ አለ። አውስትራሊያ ከዚህም አልፋለች፤ በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ፣ ሥዕሉ እንደገና ሲሸጥ ሠዓሊው ከሽያጩ 5 በመቶ ያገኛል። ከአገሬው ተወላጅ ሠዓሊዎች በርካሽ የተገዛ ሸራ በኋላ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ እነሱ ምንም ሳያገኙ መቅረታቸው ነበር አንዱ መነሻ። እኛም አገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

*የገዢውስ ድርሻ?*

ሁሉን ነገር ባለሙያው ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። እኛም ገዢዎች ነን። ሥዕል ስናዝዝ ፎቶ ልከን «በትክክል ይሄን» ከማለት፣ «አንተ እንዴት ታየዋለህ?» ብንል ምን ይቀንሰናል? ቪዲዮ ሼር ስናደርግ የሠሪውን ስም ብንጽፍ አንድ መስመር ነው። ለእማማ ሙዳይ ዋጋ ስንከራከር፣ ሬስቶራንት ገብተን ሳንከራከር የከፈልነውን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

የከተማ አስተዳደሮችም ቢሆኑ በዓል ሲመጣ ድንኳን ተክለው «ባዛር» ከማለት ያለፈ ነገር ይጠበቅባቸዋል። አንድ ክፍል፣ ግድግዳ፣ መብራት፣ የሥራዎች መዝገብ። ለዚህ ብዙ ብር አያስፈልግም፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ይህን የምንለው አንድ ነገር ስለሚያሳዝነን ነው። ስለ ቢቸናው ሠዓሊ ስለ ቄስ አዳሙ የተጻፈው ትልቁ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ የታተመውም አሜሪካ። ፈረንጁ ስላከበራቸው ምስጋና ይገባዋል። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከአሁን በፊት ስማቸውን ሰምታችሁ ነበር? የቢቸና ተማሪ ሥዕል ሲጀምር «ከአንተ በፊት እዚህ እንዲህ ያለ ሰው ነበር» የሚለው ማን አለ?

ያሠራው ታወቀ፣ የሸጠው ታወቀ፣ የሰበሰበው ታወቀ። የሠራው ግን በገዛ አገሩ ሳይታወቅ ከቀረ፣ ያኔ ነው በእውነት ጥበብ የተሸጠችው። ብር መቀበል አይደለም ጥበብን የሚያሳጣን፤ ስምን መርሳት ነው።

እናንተ በእጃችሁ የምትሠሩ የቢቸና፣ የሞጣና የሌላም ቦታ ልጆች፣ እስቲ በኮመንት ንገሩን፦ ከምትሠሩት ውስጥ ስንቱ የትእዛዝ ነው? ስንቱስ የራሳችሁ? ፎቶ ስትለቁ ስማችሁንና ከተማችሁን አብራችሁ ጻፉ። እኛም ሼር ስናደርግ አንረሳውም።